ውቅሩን ማን ያድሰው?

ላሊበላ ከሰባት መቶ ዓመት በላይ የኖረው ያለ ሚኒስቴር፣ ያለ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤትና ያለ ዓመታዊ በጀት ነው። ያለ ወጪ ግን አልኖረም። ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ምን ጥገና ያስፈልገዋል የሚል ሰው የላስታን ክረምት አያውቅም። አለቱ እሳተ ገሞራ የፈጠረው ለስላሳ ድንጋይ ነው፤ ለጠራቢ መሮ የታዘዘ ድንጋይ ደግሞ ለዝናብም ይታዘዛል። ጠራቢዎቹ ይህን ስላወቁ ጣራውን አዘቅዝቀው፣ ግቢውን አዘንብለው፣ ውሃው ከቦይ ወደ ቦይ እየተቀባበለ ዮርዳኖስ ወደሚባለው ወራጅ እንዲገባ አደረጉ። ቦዩ በደለል ሲደፈን ውሃው ተመልሶ የግድግዳውን እግር ይበላል። ስለዚህ ክረምት ሳይገባ ቦይ የሚጠርግ፣ ከጣራ ላይ አረም የሚነቅል፣ የተሰነጠቀውን የሚደፍን ሰው መኖር ነበረበት፤ ያ ሰው ደግሞ መብላት ነበረበት።

መብሉ የሚመጣው ከመሬት ነበር። ነገሥታቱ ለአብያተ ክርስቲያናት ጉልት ይሰጣሉ፤ ገባሩ ግብሩን ለደብሩ ያስገባል፤ ካህኑና ደብተራው ከሰሞን መሬታቸው እየበሉ ይቀድሳሉ፣ ይዘምራሉ፣ ቤቱን ይጠብቃሉ። ንጉሥ ላሊበላ መሬት የሰጠባቸው ሰነዶች በሽመዛናው ደብረ ሊባኖስ ወንጌል ዘወርቅ ውስጥ ተጽፈው እስከ ዘመናችን ደርሰዋል። ስጦታን በወንጌል ገጽ ላይ ማስፈር የዘመኑ ዋስትና ነበር፤ የሻረው ሰው ከባለርስቱ ጋር ብቻ ሳይሆን ከግዝቱም ጋር ይጣላል። ዛሬ «ዘላቂ የገንዘብ ምንጭ» እየተባለ በየዐውደ ጥናቱ የሚነሳው ጉዳይ ያን ጊዜ በጉልት ተመልሶ ነበር። ሥርዓቱን ለማሞገስ አይደለም፤ ሸክሙ ያረፈው በገባሩ ትከሻ ላይ ነበር። ይሁንና በቤቱ የሚጸልየውና ቤቱን የሚጠግነው አንድ ወገን ነበር፤ ገንዘቡም ከባሕር ማዶ አይጠበቅም።

ዘመናዊው መንግሥት ወደ ቅርስ የመጣው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት በፈረንሳይ ትብብር የአርኪዮሎጂ ተቋም አቋቋመ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ተቋሙ የጥናት መጽሔቱን ማሳተም ጀመረ። ፈረንሳውያን አርኪዮሎጂስቶች አክሱምንና አካባቢውን መቆፈር ያዙ። የዚያ ተቋም ሥራ ግን በዋናነት ማጥናትና መመዝገብ ነበር። የቆመውን ሕንፃ ማን ይጠግነው፣ በማን ገንዘብ የሚለው ጥያቄ ገና ባለቤት አላገኘም።

በላሊበላ የመጀመሪያው ትልቅ ዘመናዊ እድሳት የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው፤ ውጤቱም ለትውልድ የሚበቃ ትምህርት ሆኗል። ውሃው እንዳይሰርግ ተብሎ የአብያተ ክርስቲያናቱ ውጫዊ ገጽ ሬንጅ ተቀባ፤ በሬንጁ ላይ ደግሞ ቀይ ቀለም ተደረበ። ሐሳቡ በቅንነት የመነጨ ይመስላል። ሬንጅ ግን ውሃን ከውጭ እንደሚከለክል ሁሉ ከውስጥም ያፍነዋል። በየስንጥቁ የገባው እርጥበት መውጫ አጣ፤ የአለቱ መልክም ጠፋ። ድንጋዩን ለማዳን የወጣው ገንዘብ ቀጥሎ ለሚመጣው ጠጋኝ ተጨማሪ ሥራ ሆኖ ቆየ።

ያ ጠጋኝ የመጣው አገሪቱ የመጀመሪያውን የቅርስ ሕግ ባወጣችበት ዓመት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 የታወጀው አዋጅ ቁጥር 229 ከ1850 ዓ.ም. በፊት የተሠሩ ጥንታዊ ቅርሶችን በሕግ ጥላ ሥር አስገባ፤ የሚያስተዳድራቸውም መሥሪያ ቤት ተሰየመ። ዓመተ ምሕረቱ ለምን 1850 ላይ እንደተሰመረ ብዙ ሊያከራክር ይችላል፤ መስመሩ የጎንደርን ግንቦች አስገብቶ የዳግማዊ ምኒልክን አዲስ አበባ ሙሉ በሙሉ ውጭ አስቀርቷል። ሕጉ ቅርስ እንዳይሸጥ፣ ያለ ፈቃድ እንዳይቆፈር፣ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። መከልከል ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ መጠገን ግን ይጠይቃል።

ገንዘቡ ከኒው ዮርክ መጣ። ጄምስ ግሬይ የሚባል ጡረተኛ የአሜሪካ ጦር ኮሎኔል እ.ኤ.አ. በ1965 ዓለም አቀፍ የሐውልቶች ፈንድ የተባለ የግል ድርጅት መሠረተ፤ ዛሬ የዓለም ሐውልቶች ፈንድ የሚባለው እርሱ ነው። ሰውየው ከዚያ በፊት የፒዛን ዘንባላ ማማ ለማዳን በማማው ሥር ያለውን አፈር ማቀዝቀዝ የሚል እቅድ ይዞ ሲዞር የነበረ ነው። ፒዛ እቅዱን ባትቀበለውም እርሱ ፊቱን ወደ ላስታ መለሰ። የድርጅቱ የመጀመሪያ ሥራ ላሊበላ ሆነ። ሥራውን እንዲመራ የተጠራው የቤርጋሞው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ ነበር።

አንጀሊኒ እ.ኤ.አ. ከ1966 እስከ 1972 ድረስ እየተመላለሰ ሠራ። ከሥራው ብዙው ቀድሞ የተሠራውን ማፍረስ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። በአካባቢው ሠራተኞች እጅ ሬንጁና ቀይ ቀለሙ ተፋቀ፤ በደለል የተሞሉት ጉድጓዶችና ቦዮች ተጠረጉ፤ ውሃው የጥንት መንገዱን መልሶ አገኘ። ያ ሁሉ ባለሙያ ተሰባስቦ ከሠራቸው ሥራዎች መካከል ከሁሉ የጠቀመው ቦይ መጥረጉ ሳይሆን አይቀርም፤ ይኸውም የጥንት ካህናት ከክረምት በፊት ይሠሩት የነበረ ሥራ ነው።

በዚያው ሰሞን መንግሥት ቅርስን በሌላ ዓይን ማየት ጀምሯል። የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት የሚባሉት ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ አገሪቱን «የ13 ወር ፀጋ» ብለው ለዓለም እያስተዋወቁ ነበር፤ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላና አክሱም በአንድ የጉብኝት መስመር ተሳሰሩ። እ.ኤ.አ. በ1968 አንጀሊኒና ሉዊ ሙዣን ለዩኔስኮ ያቀረቡት ጥናት የኢትዮጵያን ጥንታዊ ስፍራዎች ማልማት ለባህል ቱሪዝም እድገት ያለውን ድርሻ የሚመለከት ነበር። ጎንደርም ተራዋን አገኘች። በጣሊያን ወረራ ዘመን ግንቦቹ ለአስተዳደር ቢሮ ሲታደሱ ሲሚንቶ ተለስኖባቸው ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ በዩኔስኮና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ በተካሄደው ጥገና ኖራ ወደ ቦታው መመለስ ጀመረ። ከዚህ ጊዜ አንሥቶ ቅርስ የሚጠገነው ጎብኚ ስለሚያመጣ ነው የሚለው ሙግት ከመንግሥት ሰነዶች አልወጣም። ሙግቱ ገንዘብ ሚኒስቴርን ለማሳመን ይጠቅማል። ጎብኚ በማይመጣበት ዓመት ምን ይደረጋል ለሚለው ግን መልስ አልያዘም።

እንዲህ ያለው ዓመት ሩቅ አልነበረም። አብዮቱ ፈነዳ፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ እንዲሆን ታወጀ። አዋጁ ለገባሩ የዘመናት እስራቱ የተፈታበት ቀን ነው፤ ለአብያተ ክርስቲያናቱ ደግሞ ሲሶውም፣ ጉልቱም፣ የሰሞን መሬቱም በአንድ ቀን የተወሰደበት። በዚያው ዓመት ሐምሌ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ ከኪራይ የሚገኘው ገቢም ቀረ። በኢትዮጵያ የቅርስ ጥበቃ ታሪክ ውስጥ የዚህን ቀን ያህል ትልቅ የበጀት ለውጥ የለም፤ ሆኖም በቅርስ ፖሊሲ ጥናቶች ውስጥ ብዙም አይጠቀስም። ለሰባት ምዕት ዓመት ቦይ የጠረገው ሥርዓት ገንዘቡ ሲነጠቅ፣ በምትኩ ቦይ ለመጥረግ የተያዘ በጀት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1976 የቅርስ ጥናትና ጥበቃ ማዕከል ተቋቋመ፤ ማዕከሉ ባለሙያዎች ነበሩት፤ ከአገሪቱ ስፋትና ከቅርሶቿ ብዛት ጋር የሚመጣጠን ገንዘብ ግን በጦርነት ላይ ካለ መንግሥት የሚጠበቅ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ያልተጠበቀ ነው። ደርግ እ.ኤ.አ. በ1977 የዓለም ቅርስ ስምምነትን አጸደቀ። በ1970 ዓ.ም. መገባደጃ ላይ የዓለም ቅርስ ኮሚቴ ዋሽንግተን ተሰብስቦ በዓለም ቅርስነት የመጀመሪያዎቹን 12 ስፍራዎች ሲመዘግብ፣ ሁለቱ ከኢትዮጵያ ሆኑ፦ ላሊበላና የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ። አብረዋቸው የተመዘገቡት የጋላፓጎስ ደሴቶች፣ የሎውስቶን፣ የሴኔጋሏ ጎሬ ደሴትና የመሳሰሉት ነበሩ። በዓመቱ ፋሲል ግቢ ተከተለ፤ እ.ኤ.አ. በ1980 ደግሞ አክሱም፣ ጢያ፣ የታችኛው አዋሽና የታችኛው ኦሞ ሸለቆዎች ተመዘገቡ። አብዮታዊ መንግሥት ላሊበላን ያህል የነገሥታትና የቤተ ክርስቲያን አሻራ ለዓለም ሲያቀርብ ማየት ለብዙዎች ግር ይላል። አቅራቢዎቹ ባለሙያዎች ግን የሚያደርጉትን ያውቁ ነበር፤ አገር ውስጥ ያልተገኘ ጠባቂ ውጭ ይገኝ እንደሆነ ብለዋል።

የተገኘው ስም እንጂ ገንዘብ አልነበረም። አባል አገሮች ለዓለም ቅርስ ፈንድ የሚያዋጡት ለዩኔስኮ መደበኛ በጀት ከሚከፍሉት ላይ ከአንድ በመቶ አይበልጥም፤ ከዚያ የሚሰበሰበው ለዓለም ሁሉ ሲከፋፈል ለአንድ ስፍራ የሚደርሰው ባለሙያ ለመላክና አጥኚ ቡድን ለማስመጣት የሚበቃ ነው። መዝገቡ ማስጠንቀቅ ይችላል፤ የሰሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2017 ድረስ በአደጋ ውስጥ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ላይ ቆይቷል። የማስጠንቀቂያውን ወጪ መሸፈን ግን የባለ አገሩ ነው።

ላስታ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የጦር ቀጠና ሆነ፤ ረሃቡም ወሎን መታ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻና ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ክፉኛ በተጎዱት አብያተ ክርስቲያናት ላይ የእንጨት ምሰሶ ቆሞ ቆርቆሮ ተከደነ። ባለሙያዎቹም ካህናቱም ጊዜያዊ ነው አሉ። ቆርቆሮው መልክ አልነበረውም፤ ፎቶ ሊያነሣ የመጣው ጎብኚ ያዝናል። ዝናቡን ግን አስቆመ። የደርግ መንግሥት ሊወድቅ ሲቃረብ እ.ኤ.አ. በ1989 አዲስ የቅርስ አዋጅ፣ ቁጥር 36፣ ወጣ። ለማስፈጸም ጊዜ አላገኘም።

ኢሕአዴግ ከገባ በኋላ የጥበቃው ድክመት በአንድ ስርቆት ተገለጠ። በ1989 ዓ.ም. «አፍሮ አይገባ» የሚባለው ታላቁ የወርቅ መስቀል ከቤተ መድኃኔ ዓለም ጠፋ። ከሁለት ዓመት በኋላ በአንድ የቤልጅየም ሰብሳቢ እጅ ተገኘ፤ ሰብሳቢው የከፈለውን ገንዘብ አስመልሶ በ1993 ዓ.ም. መስቀሉ ወደ ላሊበላ ተመለሰ። የጠፋው ንብረት ሲመለስ ሕዝቡ በእልልታ ተቀበለው። ጠባቂና ቁልፍ ላይ ሳይወጣ የቀረው ገንዘብ በሌላ በር፣ ለገዛ ንብረት ዋጋ ሆኖ መውጣቱን ግን ማንም በሒሳብ አላሰፈረውም።

በዚሁ መካከል ሰኔ 1992 ዓ.ም. እስከ ዛሬ ድረስ የቅርስ ሕጋችን ዋልታ የሆነው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ታወጀ፤ የቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣንም በአዲስ መልክ ተቋቋመ። የ1850ው መስመር ቀረ፤ ግዙፍ የሆነውም ግዙፍነት የሌለውም ቅርስ በአንድ ሕግ ሥር ገባ። ሰፊና ዘመናዊ ሕግ ነው። ሆኖም ስለ ገንዘብ የሚናገረው ክፍል ሊነበብ ይገባዋል። አንቀጽ 18 ቅርስ በባለቤትነት የያዘ ሰው በራሱ ወጪ በአግባቡ የመጠበቅና የመንከባከብ ግዴታ ይጥልበታል። ጥገናው ያለ ባለሥልጣኑ ፈቃድ አይጀመርም። ወጪው ከባለቤቱ አቅም በላይ ሲሆን መንግሥት ከፊሉን ሊሸፍን ይችላል፤ «ሊሸፍን ይችላል» እንጂ «ይሸፍናል» አይልም። በከተማ ውስጥ የአያቱን ቤት በቅርስነት ላስመዘገበ ግለሰብ ይህ አንቀጽ ከበድ ይላል። በ1967 መሬቷን ላጣች ቤተ ክርስቲያን ደግሞ አንቀጹ የሚጠይቀው፣ ምንጩ በሌላ አዋጅ የተዘጋ ገንዘብ ነው።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 839 ቅርሶችን ብሔራዊና ክልላዊ ብሎ ከፈለ። ክልላዊው ለክልል ተተወ። ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ በሚጠየቅበት የክልል በጀት ስብሰባ ላይ የአንድ ገዳም ጣራ በየትኛው ረድፍ እንደሚቀመጥ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ገንዘብና ፈቃድ ሲገናኙ ምን መሥራት እንደሚቻል ያየነው በአክሱም ነው። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1937 ሮም ወስደው ያቆሙትን 24 ሜትር የሚረዝም ሐውልት፣ በ1947ቱ የፓሪስ የሰላም ውል አንቀጽ 37 መሠረት በ18 ወር ውስጥ መመለስ ነበረባቸው። ግማሽ ምዕት ዓመት አለፈ። በ1997 እ.ኤ.አ. ሁለቱ መንግሥታት ተስማሙ፤ ወዲያው የኤርትራ ጦርነት መጣና ሐውልቱ ሲሄድ የወጣባት ምፅዋ ለመመለሻው ተዘጋች። ግንቦት 1994 ዓ.ም. ሮም ውስጥ መብረቅ መታው። ሮም ለሐውልቱ አስተማማኝ ቤት ነች የሚለው መከራከሪያ በዚያ ሌሊት አበቃ ማለት ይቻላል። ሚያዝያ 11፣ 14 እና 17 ቀን 1997 ዓ.ም. ሦስቱ ክፍሎች በግዙፉ አንቶኖቭ 124 አውሮፕላን አክሱም ደረሱ። ነሐሴ 29 ቀን 2000 ዓ.ም. ሐውልቱ በቦታው ቆሞ ተመረቀ። ወጪውን የሸፈነችው ጣሊያን ነች፤ ሙያዊ ሥራውን የመራው ዩኔስኮ።

ደስታው እውነተኛ ነበር። በአጠገቡ ግን ከአክሱም ያልወጣው፣ የንጉሥ ኢዛና የሚባለው ሐውልት ዘንበል ብሎ በገመድ ተወጥሮ ቆሟል። ወደ ሮም ተወስዶ ስላልተሰረቀ ለመጠገኑ የሚከፍል ባለዕዳ የለውም።

አክሱም ሐውልቷን መልሳ ባቆመችበት በ2000 ዓ.ም. የላሊበላ ቆርቆሮ ተነሣ። በምትኩ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ፣ በዓለም አቀፍ ውድድር ባሸነፈ የጣሊያን አርክቴክቶች ንድፍ የተሠሩ አራት መጠለያዎች ቆሙ። አምስት አብያተ ክርስቲያናትን ሸፈኑ፤ ቤተ መድኃኔ ዓለም፣ ቤተ ማርያም፣ ቤተ መስቀል፣ ቤተ አማኑኤልና ቤተ አባ ሊባኖስ። ቤተ ጊዮርጊስ አልተነካም። መጠለያዎቹ ከብረት ምሰሶና ከነጭ ሸራ የተሠሩ ናቸው፤ ስንጥቁ እስኪጠገን ድረስ ለጥቂት ዓመታት ቆመው ከዚያ እንዲነሡ ታስበው ነበር። ምህንድስናው ተሳክቷል፤ ዝናቡ ቆሟል። ጥገናው ግን መጠለያውን አልተከተለም። መጠለያ በአንድ ውል፣ በአንድ ኮንትራክተር፣ በተወሰነ ጊዜ ተሠርቶ ይመረቃል፤ ሪቫን ይቆረጣል። ስንጥቅ መድፈን ዓመታት የሚፈጅ፣ በኖራና በትዕግሥት የሚሠራ፣ የሚመረቅ ነገር የሌለው ሥራ ነው። ለጋሾች የትኛውን እንደሚመርጡ ታሪኩ ራሱ ይመልሳል።

ያን አድካሚ ሥራ ለመሥራት የተመለሰው የግሬይ ድርጅት ነበር። የዓለም ሐውልቶች ፈንድ ከቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣን ጋር ሆኖ፣ በአሜሪካ አምባሳደሮች የባህል ጥበቃ ፈንድ ድጋፍ ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤልን ጠገነ፤ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2016 ተጠናቀቀ። ቀጥሎ ወደ ቤተ ጎልጎታና ቤተ ሚካኤል አመራ። የአካባቢው ልጆች የድንጋይ ጥገናን እየተማሩ ሠሩ። ጋዜጣ ብዙም አልጻፈበትም። ከዚህ ሁሉ ዘመን ውስጥ ለላሊበላ የተሻለ የዋለው ግን ምናልባት ይህ ነው፤ ገንዘቡ የውጭ ቢሆንም ሙያው ላስታ ቀርቷልና።

በዚህ ጊዜ ላሊበላ የራሱ ገቢ ነበረው። የውጭ ጎብኚ ለመግቢያ 50 ዶላር ይከፍል ነበር፤ ገንዘቡ የሚገባው ለቤተ ክርስቲያኒቱ ነው። በመቶ የሚቆጠሩ ካህናትና አገልጋዮች የሚተዳደሩት በዚህ ነው። አንዳንድ የመንግሥት ሰዎች ገንዘቡ ለጥገና ይዋል ሲሉ፣ ካህናቱ ደግሞ ቤቱን ያቆየው አገልግሎት በምን ይኑር ይላሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው። በጥንቱ ሥርዓት ጉልቱ አገልጋዩንም ጥገናውንም በአንድ ከረጢት ይይዝ ነበር፤ አሁን ከረጢቱ ለአንዱ እንኳ ሲበቃ በጭንቅ ነው።

ከመጠለያዎቹ ጋር የኖረው ሕዝብ ዓመት ባለፈ ቁጥር መፍራት ጀመረ። ነፋስ ሲነፍስ ብረቱ ይጮኻል። ወድቆ ድንጋዩን ቢያደቀውስ? በዚያ ላይ ለዘመናት ክረምት ሲርስ በጋ ሲደርቅ የኖረ አለት ከላዩ ተከድኖ ሌት ተቀን መድረቁ ሌላ ጉዳት እንደሚያመጣ ይነገር ነበር። መስከረም 27 ቀን 2011 ዓ.ም. የላሊበላ ሰው አደባባይ ወጣ፤ መጠለያው ይነሣልን፣ ቅርሳችን ይዳን አለ። በኢትዮጵያ ታሪክ ሕዝብ ስለ አንድ ጣራ ሰልፍ የወጣበት ጊዜ ጥቂት ነው። ሰልፉ በተለይ ለአዲስ አበባ መልእክት ነበር፤ መንግሥት ባለቤት ይሁን የሚል።

መንግሥት ወደ ፓሪስ ተመለከተ። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ የፈረንሳይን እርዳታ ጠየቁ፤ ፕሬዚዳንት ኢማኑኤል ማክሮን መጋቢት 3 ቀን 2011 ዓ.ም. ላሊበላ ድረስ መጥተው አብያተ ክርስቲያናቱን አዩ፤ አገራቸው እንደምትረዳም ቃል ገቡ። የፈረንሳይ ባለሙያዎች መጡ፤ ጥናት ተጀመረ፤ በፈረንሳይ የልማት ድርጅት ገንዘብ «ዘላቂ ላሊበላ» የተባለ ፕሮጀክት ተነደፈ። በ1952 እ.ኤ.አ. የአርኪዮሎጂ ተቋሙን ለማቋቋም ያገዘችው አገር ከስልሳ ምናምን ዓመት በኋላ ተመልሳ መምጣቷ ነው።

ከዚያ መከራው ተደራረበ። ኮሮና በ2012 ጎብኚውን አስቀረ፤ 50 ዶላሩም አብሮ ቀረ። ሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. ላሊበላ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገባች፤ ከተማዋ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ተመላለሰች። ዩኔስኮ ቅርሱ እንዲጠበቅ ጥሪ አቀረበ። አብያተ ክርስቲያናቱ ቆመው ተገኙ፤ ሆቴሎቹ፣ አስጎብኚዎቹና ካህናቱ ግን ለወራት መብራትም ገንዘብም አልነበራቸውም። ጦርነቱ በስምምነት ከቆመ በኋላ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሣ፤ በ2016 ዓ.ም. ላሊበላ ዙሪያ እንደገና ተኩስ ተሰማ። የ1960ዎቹ ሙግት፣ ቅርስ ራሱን በቱሪስት ይመግባል የሚለው፣ ከዚህ የበለጠ ፈተና አይገጥመውም።

በመሐል አገር ግን የመንግሥት ገንዘብ ለቅርስ መውጣት ጀምሯል። መስከረም 29 ቀን 2012 ዓ.ም. በታላቁ ቤተ መንግሥት የአንድነት ፓርክ ተከፈተ፤ የምኒልክ እልፍኝና አዳራሾች ታድሰው ለሕዝብ ታዩ። ባለሥልጣኑ በ2014 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ተብሎ በቱሪዝም ሚኒስቴር ሥር ገባ፤ መሥሪያ ቤቱ ለማን ተጠሪ እንደሆነ ማየት ቅርስ ለምን እንደሚጠበቅ ያሳያል። ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ማክሮን በድጋሚ አዲስ አበባ መጡና በፈረንሳይ ድጋፍ የታደሰውን ብሔራዊ ቤተ መንግሥት ጎበኙ። የጅማው አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ታደሰ። በ2017 ፋሲል ግቢም ሰፊ እድሳት ተደረገለት፤ ለዘመናት ጣራ ያልነበራቸው ሕንፃዎች ጣራ አገኙ። የግንቦቹ አዲስ መልክ ጎንደሬውን ደስ አሰኝቷል፤ የጥገና ባለሙያዎችን ደግሞ ምን ያህል ማደስ ይበዛል በሚለው አከራክሯል። ክርክሩ ራሱ መልካም ነው። ለረጅም ጊዜ ስንከራከር የነበረው ስለሌለው ገንዘብ ነበርና።

ከታደሱት መካከል ብዙዎቹ ቤተ መንግሥቶች መሆናቸውን ግን አለማየት አይቻልም። ቤተ መንግሥት ባለቤቱ መንግሥት ነው፤ ትኬቱም ለመንግሥት ይገባል፤ ሲታደስም ሠሪው ይታያል። በየተራራው ያሉ ገዳማት፣ የሐረር ግንብ፣ የኮንሶ እርከን፣ የጢያ ትክል ድንጋዮች እንዲህ ያለ ዕድል የላቸውም። የኮንሶን እርከን ዛሬም የሚጠግነው የኮንሶ ገበሬ ነው፤ በራሱ ጉልበት፣ በራሱ ድንጋይ።

የላሊበላ መጠለያዎች እስካሁን ቆመዋል። እነርሱን ለማንሣት መጀመሪያ ከሥራቸው ያሉት ጣራዎች ውሃ እንዳያስገቡ መደረግ አለባቸው፤ ስንጥቁ በሙሉ ተለክቶ በኖራ መደፈን፣ ቦዩ ከላይ እስከ ዮርዳኖስ መከፈት፣ ከዚያም ጥቂት ክረምቶች ያለ ሸራ እየታዩ መከታተል አለባቸው። ይህን የሚሠሩ የሠለጠኑ ወጣቶች በከተማዋ አሉ፤ ደመወዛቸውን የሚከፍለው ፕሮጀክት ሲያበቃ ሥራቸውም ያበቃል። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 አንቀጽ 18 መሠረት ወጪው የባለቤቱ፣ ማለትም የደብሩ ነው፤ የደብሩ ገቢ ደግሞ በዚያ ዓመት ስንት ጎብኚ ላሊበላ እንደደረሰ ይወሰናል።